በእማማ ዘነበች ደጃፍ የደረቀው ውሃ

የምኖርባት ከተማ በሰሜን እንግሊዝ፣ በቀዝቃዛ ባሕር ዳር ያለች ናት። ባለፈው ሳምንት ዓሣ ልገዛ ወደ ወደቡ ገበያ ወርጄ ነበር። ሻጩ በረዶውን የሸፈነበትን እርጥብ ጆንያ ገለጥ ሲያደርገው ሽታው ፊቴ ላይ መጣ። የጆንያ፣ የጨውና የበረዶ ሽታ። በረዶ ሽታ የለውም የሚል ሰው ጅቡቲ አላደገም። ከኋላዬ የቆመች ወጣት ወረፋው አልሄድ ስላላት «አኖይንግ!» ብላ ተነፈሰች። ተራ ቃል ነው፤ እዚህ አገር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚባል እግዚአብሔር ይቁጠረው። እኔ ግን ሽታውና ቃሉ ባንድ ላይ ሲመጡብኝ የመጣሁበትን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ሁለቱንም ያወቅኋቸው በአንድ ክረምት፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ነውና።

ክረምት እንላለን እንጂ ጅቡቲ ላይ ሐምሌና ነሐሴ የእሳት ወራት ናቸው። ነፋሱ ከበረሃ ይነሣና አሸዋውን ተሸክሞ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። የበር እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። ከቀትር በኋላ ውሻ እንኳ መንገድ አያቋርጥም፤ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል።

ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወታደሮች ከተማችን ከገቡ ብዙም አልቆየም። እናቴ ከሜኔሊክ አደባባይ አለፍ ብሎ ባለ የፈረንሳዮች ቤት እያደረች ትሠራ ስለነበር፣ እኔን ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር እማማ ዘነበች ዘንድ አስቀምጣኝ ነበር። ሐሙስ ማታ ትመጣለች፤ ዓርብን ከእኔ ጋር ትውላለች፤ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ትሄዳለች። እማማ ዘነበች የእናቴ የክርስትና እናት ናቸው። አባታቸው ከባቡሩ ጋር መጥተው ጅቡቲ የቀሩ መካኒክ ነበሩ። ሲሞቱ ለሁለት ልጆቻቸው አንዲት የሳንቃ ቤት ተዉላቸው፤ ልጆቹም መሃሏን በሳንቃና በቆርቆሮ ከፍለው ሁለት አደረጓት። በግራ በኩል እማማ፣ በቀኝ በኩል ታናሽ ወንድማቸው አባባ በየነ። ሁለቱም ትዳራቸውን ቀብረው በስተርጅና ወደ አባታቸው ቤት የተመለሱ ነበሩ።

ያ ግድግዳ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርሽ»፣ «ይማርህ» ይል ነበር። ያ ክረምት እስኪመጣ ድረስ።

ጠባቸው ከምን እንደተነሣ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። እኔ የማውቀው መዶሻውን ነው። የእኔ ሥራ ከቀትር በኋላ ከመንገዱ ጫፍ፣ ከመኪና ላይ የሚሸጠውን በረዶ በጆንያ ጠቅልዬ ለአባባ ማምጣት ነበር። አባባ ቁራጩን ደረጃው ላይ ያስቀምጡና ከነጆንያው በመዶሻ ይሰብሩታል። የፍልሰታ ጾም ነው፤ ሁላችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አንቀምስም። አባባ ልክ ዘጠኝ ሲሆን በቀዝቃዛ ውሃ ጾማቸውን ለመፍታት ፈልገው ከዘጠኝ ትንሽ ቀደም ብለው ይሰብራሉ። እማማ ደግሞ ዘጠኝ ሳይሞላ ውዳሴ ማርያማቸውን ድምፅ አውጥተው የሚደግሙት በዚያችው ሰዓት ነው። ሁለቱም ለእግዚአብሔር ብለው ነበር፤ ቆርቆሮው ግን መዶሻውን አሥር እጥፍ አድርጎ ነበር የሚያስተጋባው።

«ሚጡ» ይሉኛል እማማ ከአልጋቸው ጫፍ ሳይነሡ፣ «ሂጂና ለዚያ ሰውዬ ንገሪው። እመቤታችን በመዶሻ አትጠራም በይው።»

በእኛ በር ወጥቼ በአባባ በር እገባለሁ። አፌን ሳልከፍት፦

«ሰምቻለሁ። በይ ተመለሽና፣ በረዶም በጸሎት አይሰበርም በያት።»

«ሰምቻለሁ በይው!» ይላል ከግድግዳው ወዲያ የእማማ ድምፅ።

«መስማቷን ሰምቻለሁ በያት!»

እኔ መሃል ላይ ቆሜ ግራና ቀኝ አያለሁ። ከግቢያችን በር ላይ ጫት የምትሸጠው ኸድጃ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ኸድጃ ሶማሌ ናት፤ ልጅነቷን ድሬዳዋ ስላሳለፈች አማርኛ ትችላለች። ጫቱ ከኢትዮጵያ የሚደርሰው ከቀትር ወዲያ ስለሆነ፣ አገር ሲተኛ እርጥብ ጆንያ የለበሰ ጫቷን ይዛ ከጥላዋ ሥር የምትቀመጥ እሷ ብቻ ነበረች። «አንቺ ልጅ፣ ወላሂ ክፍያ ጠይቂ!» ትለኛለች፤ «ሬዲዮ አድርገውሻል እኮ። ባትሪሽ እንዳያልቅ!»

መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ልጅ ነኛ። እየሮጥኩ የምወስደውን ቃል በልቤ እያሳመርኩ ነበር የምሄደው። ከዚያ አንድ ቀን እማማ አስነጠሱ፤ ከወዲያ በኩል ምንም አልመጣም። እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ ራሳቸው «ይማረኝ» አሉ። ጨዋታ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሳጥናቸውን ከአልጋ ሥር ያወጡት። ድሬዳዋ የሟች ባላቸው የእኅት ልጅ አለች፤ «ነይ እኔ ዘንድ» ስትላቸው ኖራለች። «ፍልሰታን እዚያ ፈትቼ፣ ቆርቤ፣ ከቀናኝም እዚያው እቀራለሁ» አሉ። የነፍስ አባታቸው ግን ነገሩን ሰምተው ኖሮ ከወንድማቸው ሳይታረቁ ሥጋ ወደሙን እንዳይቀበሉ ነግረዋቸዋል። ይህን እማማ ለእናቴ ሲነግሯት ሰምቻለሁ።

«ታዲያ ይታረቁ እንጂ፣ እማማ» አለች እናቴ። «አንድ ግድግዳ ነው።»

«እሱ ይምጣ። ታላቅ እኔ ነኝ። እናታችን በወሊድ ስትቀር በዚህ ጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አሁን ሸብቶ፣ ጸሎቴን በመዶሻ ሲያስቆም፣ እኔ ልሂድለት?»

እናቴ በዚያው ምሽት ወደ አባባም ሄደች። እሳቸው ደግሞ «ምን አጠፋሁ፣ ልጄ? በረዶ መስበር ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?» አሏት። በማግስቱ እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ እጇ ከበድ አለብኝ። «እማማ ከሄዱ አንቺን የት ነው የማደርግሽ?» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፍልሰታ ጸሎት ላይ እኔም አንዲት ልመና ጨመርኩ፦ ባቡሩ ሳይመጣ ይታረቁ። ባቡራችን ደግሞ ያኔ ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው መንገድ ላይ የሚያድር ስለነበር፣ እንዲዘገይም ጨምሬ እለምን ነበር።

ጠዋት ጠዋት የአባባ ተማሪ ነበርኩ። አባባ ዕድሜያቸውን ወደቡ ላይ በአንድ የመርከብ ወኪል ቤት በጸሐፊነት የሠሩ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛን ከመርከበኞችና ሽፋኑ ከተገነጠለ ትልቅ መዝገበ ቃላት ተምረውታል። መዝገበ ቃላቱን ምስጥ እንዳይበላው ከናፍታሊን ጋር በሳጥን ስለሚያኖሩት፣ ለእኔ እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። በዚያ ሙቀት እንኳ እጅጌያቸውን ሳይቆልፉ፣ ፀጉራቸውን ሳያበጥሩ ከደጃቸው አይወጡም፤ ሰው በካናቴራ ካያቸው የሚሞቱ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ እንግሊዝኛ የያዘ ሰው ቤት መርጦ ይሠራል ብላ ነበር የሰጠችኝ። አባባ ግን ለሥራ አልነበረም የሚያስተምሩት። «ቃል እንደ እንግዳ ነው» ይሉ ነበር። «ደጅሽ ሲመጣ ስሙን ብቻ ጠይቀሽ አታስገቢውም። ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ዘመዶችህ እነማን ናቸው ትዪዋለሽ። ያኔ ይጫወትሻል።»

አንድ ጠዋት፣ ባቡሩ በማግስቱ እንደሚነሣ በተነገረበት ዕለት፣ «አባባ፣ ማናደድ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እማማ ከነጋ ጀምሮ ሳጥናቸውን እየሞሉ «አናደደኝ፣ አናደደኝ» ሲሉ ስለሰማሁ ነው።

አባባ የጥያቄውን ምንጭ የሚያውቁ አልመሰለኝም፤ ወይም አውቀው ተዉት። መነጽራቸውን ጠርገው ገጹን ገለጡ።

«አኖይ» አሉ ጣታቸውን ቃሉ ላይ አሳርፈው። «በይ እንግዲህ፣ ከየት መጣህ እንበለው። ይኸውልሽ፣ እንግሊዝ አገር የገባው ከፈረንሳይ ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ። ትምህርት ቤት ቁጭ ብለሽ ድብርት ሲይዝሽ በፈረንሳይኛ ምን ትያለሽ?»

«ዠ ማንዊ።»

«እሱ ነው! ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ ፈረንሳይ ቀርቶ ድብርት ሆነ፤ አንዱ ባሕር ተሻግሮ ማናደድ ሆነ። አባታቸው ግን ሮማዊ ነው። አባትየው ምን ይባላል መሰለሽ? ኢን ኦዲዮ። ‘በጥላቻ ውስጥ’ ማለት ነው። የጥንቱ ሰው አንድ ነገር ሲያንገሸግሸው ‘ይህ ለእኔ በጥላቻ ውስጥ ነው’ ይል ነበር። ይኸው ከአፍ ወደ አፍ ሲንከባለል፣ እንደ ባሕር ጠጠር ሲፋተግ ኖሮ ትንሽ ሆነ። ዛሬ እንግሊዙ ዝንብ ስታርፍበት የሚናገረው ነው።»

«የእኛስ? ማናደድ የማን ልጅ ነው?»

«የእኛማ የእሳት ልጅ ነው። ነደደ፣ አነደደ፣ አናደደ። እነሱ ይጠላሉ፣ እኛ እንነድዳለን» ብለው ሳቁ። ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም።

እኔ ግን አልሳቅሁም። በሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሙን የሚጠላ ነፍሰ ገዳይ ነው የሚለውን የሐዋርያውን ቃል ተምረን ነበር፤ ያ ቃል ሌሊት ሌሊት ያስፈራኝ ነበር። በልጅ አእምሮዬ ደግሞ አንድ ቃል የአባቱ ደም ከውስጡ አይወጣም ብዬ አሰብኩ። ሰው ቢክድ እንኳ መልኩ ይናገርበት የለ? ስለዚህ ከልቤ ፈርቼ፣ ለነፍሳቸው ብዬ ጠየቅሁ፦

«አባባ፣ እንግዲያው እማማ ሲያናድዱዎት፣ ይጠሏቸዋል ማለት ነው?»

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። ከግድግዳው ወዲያ ሳጥን ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ዕቃ ሲንኳኳ ነበር የረፈደው፤ እሱም ቆመ። እማማ ሰምተዋል። ሁለት ሽማግሌዎች በአንዲት ሳንቃ ግራና ቀኝ ሆነው ትንፋሻቸውን ያዙ። «ኧረ በስመ አብ!» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እማማም የጠበቁ ይመስለኛል። አባባ ግን አንድ ነገር ሲጠየቁ መልሱን እስኪያገኙ የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ለቃላት እንኳ እንዲያ ነበሩ። መስኮቱን እያዩ ዝም አሉ። ከብዙ ዝምታ በኋላ ወዲያ በኩል የሳጥኑ ክዳን ድም ብሎ ተዘጋ።

አባባም መዝገበ ቃላቱን ዘጉ። «ለዛሬ ይብቃን» አሉ። በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ፣ «ዛሬ በረዶ እንዳትሄጂ። እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አሉኝ።

ተቆጥተውኛል ብዬ አለቀስኩ። እማማ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው መቀነት ይሰፉ ነበር። ምን ሆንሽ አላሉኝም። «ነይ፣ እዚህ እግሬ ሥር ተኚ» ብቻ አሉ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ወደቀ። ከተማው ተኛ። እኔ ከመኝታዬ ሳልነሣ ዓይኔን ገርበብ አድርጌ አይ ነበር። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆሙ፤ ውዳሴ ማርያሙን ጀመሩ። መዶሻው በሚመታበት ቦታ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ መዶሻው ግን አልመጣም። ትንሽ ቆም አሉ። አዳመጡ። የኸድጃ ሳል ከሩቅ ይሰማል፤ ሌላ ምንም የለም። ፊታቸው ላይ ምን እንደነበረ ልነግራችሁ ብችል ደስ ባለኝ። እፎይታ ይመስላል፤ ቅር መሰኘትም ነበረበት።

«ዛሬስ ጸጥታ ሰጠን» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲያስ ልጨምር።»

የዕለቱን ውዳሴ ከጨረሱ በኋላ ይዌድስዋ መላእክትን ቀጠሉ፤ ከዚያ መልክአ ማርያሙን በመላ፤ ከዚያ ለሙታን፣ ለአባታቸው፣ ላልጠገቧት እናታቸው፣ ለባላቸው። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ሆዴ ይጮኻል። ለምን አይጨርሱም እያልኩ ተገላበጥሁ። በመጨረሻ ሰግደው፣ ተሳልመው፣ ፍርፍራችንን ሊያቀርቡ ተነሡ፤ አየር እንዲገባ ብለውም በሩን ከፈቱ።

ደጃፉ ረጥቦ ነበር። ከደረጃው እስከ መድረኩ ድረስ፣ አሸዋው የጠጣው ትልቅ እርጥበት።

በእኛ ሰፈር ሰው ደጅ ላይ ውሃ መድፋት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የእጣቢ ውሃ ደፍቶ መሄድ ስድብ ነው፤ ያውም መንገድ ሊጀምር በተነሣ ሰው ደጃፍ። እማማ ነጠላቸውን ይዘው ቆመው አዩት።

«አሁን ደግሞ ውሃ ጀመረ» አሉ፤ እንዲሰማም ጮኸው አሉት። «ሂጂ፣ ሚጡ። በይው፣ መሄዴ ነው፣ ደጄን ማጠብ አያስፈልግህም በይው!»

ሄድኩ። አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ በካናቴራ ተቀምጠዋል። ደነገጥኩ፤ በካናቴራ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሸሚዛቸው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ውሃ ይንጠባጠባል። አንገታቸውና ጀርባቸው እርጥብ ነው፤ ጫንቃቸው ቀልቷል። ገላቸውን ታጥበው ነው አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል? አዲስ ሸሚዝ ጭናቸው ላይ አድርገው ቁልፉን ሊከፍቱ ሲሞክሩ ጣታቸው እንቢ ይላቸው ነበር።

«አባባ፣ እማማ…»

«ሰምቻለሁ።» ቀና ብለው አዩኝ። «በይ ንገሪያት…» አሉና ቆሙ። ግድግዳው እዚያው ነው፤ አንድ ቃል ቢናገሩ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ወዲያ በኩል ይሰማ ነበር። «ተይው። ምንም አትበያት።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የጎረቤት ልጆች የእማማን ሳጥን በጋሪ ጫኑ። እማማ በአባባ በር ሲያልፉ እርምጃቸው ዘገየ።

«መንገድ ጀምሬያለሁ በይው» አሉኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ የሳቸው ድምፅ ከእኔ በፊት ገብቷል።

«በሰላም ግቢ በያት» አለ የአባባ ድምፅ ከውስጥ።

«በሰላም ይግቡ ብለዋል» አልኩ። በመካከላቸው የወሰድኩት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። እማማ ግንባሬን ሳሙኝ፤ ጋሪው ሄደ። ባቡሩም ያን ቀን፣ እንዲዘገይ ስንት የለመንኩት ባቡር፣ በሰዓቱ ተነሣ።

ኸድጃን ያገኘኋት ከቀትር በኋላ ነው። ጫቷን በጆንያ ስትሸፍን ጠራችኝ።

«ነይ እስቲ! ሽማግሌው ደኅና ናቸው? ፀሐይ መታቸው እንዴ?»

«ለምን?»

«ትናንት ነዋ! በረዶ ገዝተው መጡ። ቤታቸው ይገባሉ ስል፣ የአሮጊቷ ደጅ ሄደው ቆሙ። በረዶውን እዚህ ጫኑ፣ እዚህ» ብላ የአንገቷን ሥር መታች፤ «ጎንበስ ብለው፣ ዝም! ‘አባባ፣ ምን ሆኑ?’ ስላቸው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤቱ ጠቆሙኝ። ሴትየዋ ትጸልያለች ማለታቸው ነው። እሷ ትጸልያለች፣ በረዶው ይሟሟል፣ ውሃው በጀርባቸው ይወርዳል። እኔ ስቄያለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ኋላ በረዶው አለቀ። ባዶ ጆንያ ይዘው ትንሽ ቆሙ፣ ሸሚዛቸውን አዩት፣ ገቡ። ወዲያው እሷ ከፈተች።»

እኔም እንደ ኸድጃ ምንም አልገባኝም። ፀሐይ መትቷቸው ይሆናል አልኩ። ሐሙስ ማታ እናቴ ስትመጣ እንደ ጉድ ነገርኳት። እናቴ የያዘችውን ዘንቢል እንደያዘች አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጭኗን መታች።

«ድንጋይ መሸከም ነው፣ ልጄ» አለች። «አገር ቤት የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበደለው ደጃፍ ይቆማል። አውርድ እስኪባል አያወርድም፤ አይናገርምም። ይቅርታ ነው የጠየቋቸው።»

«ድንጋይ መች ጠፋ? ግቢው በሙሉ ድንጋይ አይደል?»

እናቴ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች። «የበደሉበትን ነዋ የተሸከሙት» አለች።

በማግስቱ እናቴ ጣቢያ ሄዳ፣ በባቡሩ ላይ የሚሠራ አንድ የምናውቀው ሰው ለመነች። «ውሃው የበረዶ ነበር ብለህ ንገርልኝ። ወንድምዎ ተሸክሞት ቆሞ ነበር በላቸው። ከፍልሰታ ፍቺ በፊት ድረስላቸው፣ እንዲቆርቡ።» ሰውየው እሺ አለ። ባቡሩ ግን መንገድ ላይ ተበላሽቶ ብዙ ቀን ቆመ። ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ቀን እኔ ነጭ ለብሼ ስቆርብ፣ እማማ ድሬዳዋ ከቅድስቱ ውስጥ ይሁኑ ወይ ከውጭ ቆመው ያስቀድሱ አላውቅም ነበር። አባባ ከወንዶቹ መጨረሻ፣ ከዓምዱ ሥር ቆመው አየኋቸው። አልቆረቡም።

አባባ የእማማን ክፍል ቁልፍ ለእናቴ ሰጧት። «ባዶ ቤት ጸሎት አይደገምበትም፤ ልጅቷ ትኑርበት» አሉ። ከቀትር በኋላ በረዶ ማምጣቴን ቀጠልኩ። መዶሻው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነሣም። ቁራጩን ከነጆንያው በሳፋ ያስቀምጡና በራሱ ጊዜ እስኪሟሟ ይጠብቁታል። «ሚጡ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ ድገሚ» ይሉኝ ነበር ከወዲያ በኩል። እኔም በእማማ ቦታ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እየተንተባተብኩ ውዳሴ ማርያሙን አነብባለሁ። ስሳሳት በዝግታ ያርሙኛል። ወንበራቸውን ግድግዳው ሥር እንዳስጠጉት ከድምፃቸው አውቃለሁ።

አንድ ጠዋት ትምህርት ላይ ሳለን፣ ሳልጠይቃቸው፣ ወደዚያ ቃል ተመለሱ።

«መዝገበ ቃላቱ ያልጻፈውን ልንገርሽ?» አሉ። «ያ ቃል ከጥላቻ ተነሥቶ ተራ መናደድ እስኪሆን ብዙ መቶ ዓመት ፈጅቶበታል። ሰው ግን ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ለመመለስ አንድ ክረምት ይበቃዋል።» ከዚያ ደግሞ፣ «ያን ቀን የጠየቅሽኝ፣ አልጠላትም ነበር። መልሱን እስካገኝ ዘገየሁ» አሉ።

ጥቅምት ላይ የባቡሩ ሰው መጣ። የመጣው በመርዶ ነው። እማማ ዘነበች ታመው ብዙ ሳይቆዩ ዐርፈዋል። እናቴ ዓይኗን እየጠረገች መልእክቱን አድርሶላቸው እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ ያን ጊዜ ባቡሩ ሲበላሽ ለሌላ ሰው አደራ ብሎ እንደነበር፣ ያም ሰው «አድርሻለሁ» እንዳለው፣ መቼ እንዳደረሰው ግን እንደማያውቅ ተናገረ። አባባ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ።

«ስትሞት ማን ነበር አጠገቧ?» አሉ።

«የባላቸው የእኅት ልጅ ነበረች፣ አባባ። እንዲህ በላቸው ያለችኝ፣ በመጨረሻው ቀን ‘ውሃው፣ ውሃው’ ሲሉ ነበር። ጠምቷቸው ነው ብላ ስትሰጣቸው ግን አልጠጡም።»

ኸድጃ እንኳ ጫቷን ትታ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ሁላችንም አባባን አየን፤ ይህን ቃል ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ ብለው እንዲጠይቁልን የምንጠብቅ ያህል። መልእክቱ ደርሷቸው ይሆን እንዲያ ያሉት፣ ወይስ እስከ መጨረሻው ያ እርጥብ ደጃፍ ሲያቃጥላቸው ኖሮ? አባባ ተነሥተው ወደ እማማ በር ሄዱና መድረኩ ላይ ተቀመጡ፤ መዳፋቸውንም ከአጠገባቸው ደረቁ አሸዋ ላይ አኖሩ።

አሁን ሁለቱም የሉም፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ። ዓሣውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ልጆቼ በሆነ ነገር እየተነጫነጩ «አኖይንግ»፣ «አኖይንግ» ይባባላሉ። መግቢያው ላይ ምንጣፉ ረጥቧል፤ በዚህ አገር በብርዱ ወራት ከሰው ጫማ ላይ በረዶ እየሟሟ ደጅ ያረጥባል፣ ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ደጄ ረጥቦ ሳገኝ፣ መጥረጊያውን ከማንሣቴ በፊት ቆም እላለሁ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠይቃለሁ፦ «እዚህ ማን ቆሞ ነበር?»